መሪ ዝም ካለ ማን ይናገራል

ጎንደር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም አምሐ፣

ያለህበትን ቤት ሰላም ያድርግልህ። እኔ በአርባ አራቱ ታቦት ጥበቃ ደህና ነኝ። እናቴም ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ሰላምታዋን ታበዛልሃለች።

ደብዳቤ ስጽፍልህ ሳትገረም አትቀርም። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው ወደ ውጭ ልትሄድ ስትሰናበተን ነው፤ ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የእኔ አያትና የአንተ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸውና፣ በዚህ ዝምድና ተማምኜ ደፈርሁህ። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል፤ ስልኩም ሁለት ቃል ሳያሻግር ይቆረጣል። አዘዞ የምትኖር ኤልሳ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ እኅቷ ሸዋገነት አንተ ባለህበት በርገን ከተማ እንደምትኖር ነገረችኝ። ደብዳቤውን በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እንሰጣለን፤ ከዚያ ወደ ኖርዌይ የሚመጣ ሰው ለሸዋገነት ያደርሳል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ሕመምተኛው አንድ በአንድ ይገባል፣ ዐሥር ደቂቃ እንነጋገራለን፣ ክኒኑን ይዞ ይወጣል። ሰልፉ ግን አያልቅም። ያለፉት ዓመታት በሰው ላይ ያደረሱትን አንተም ከሩቅ ሳትሰማ አትቀርም። እንቅልፍ ያጣው፣ ከሰው ተነጥሎ ግድግዳ የሚያይ ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠራኝና፣ የዕቃ ማከማቻ የነበረው ክፍል ባዶ ስለሆነ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰው ሰብስቤ በቡድን እንዳክም ፈቀደልኝ። ሦስት ዓመት የለመንሁት ነገር ነው። ከደስታዬ ብዛት ወለሉን ራሴ አጠብሁት፣ ወንበሩንም ከየቢሮው ለቀምሁ።

ጭንቀቴ አንድ ነው፤ ቡድን መርቼ አላውቅም። በትምህርት ቤት ስለዚህ ነገር የተማርነው ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። አንተ ደግሞ የምትሠራው ይህንኑ መሆኑን እናቴ ነገረችኝ። ዘመድ ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ሲጽፍ የሚለምነው የታወቀ ነው፤ እኔ የምለምንህ እውቀትህን ነው። መሪው የት ይቀመጣል? መቼ ይናገራል? ሰው ሲያለቅስበት ምን ይላል? ኅዳር መጨረሻ ላይ ልንጀምር ነውና ፈጥነህ ጻፍልኝ።

እኅትህ የትነበርሽ

—

በርገን፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅትዓለም የትነበርሽ፣

ከዝናብ በቀር ሌላ ወሬ ከሌለው ከተማ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናዬ ሸጋ ነው። ለእናትሽም ጉልበት ምሕረት ያውርድላት።

ሸዋገነት ደብዳቤሽን የምሠራበት ድረስ ይዛልኝ መጣች። እሷ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ እዚህ ለሚኖረው አበሻ ሁሉ ታላቅ እኅት ማለት ናት። ፖስታው ላይ ስሜን በእጅ ጽሕፈት በአማርኛ ሳየው ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ ኮሪደር ውስጥ ቆሜ ጨረስኩት። ያቺ ደብተሯን አቅፋ የሸኘችኝ ልጅ ዛሬ የእኔኑ ሥራ ልትሠራ መሆኗን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ።

እንግዲህ ስሚ። ወንበሮቹን በክብ አስቀምጪ፤ ያንቺም ወንበር ከሌላው ከፍ አይበል። መሪ አያስተምርም፣ አይመክርም፣ አይፈርድም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ዝም ይላል። ዝምታው ሰዎቹን ያስጨንቃቸዋል፤ ሲጨነቁ አንዱ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የእነሱ ይሆናል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ አንድ ቃል ሳልተነፍስ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ። በቡድን ውስጥ ታላቅና ታናሽ የለም፤ አንቱታውንም ተዪው። ሰው ስለ ሌላ ሰው ማውራት ሲጀምር፣ «እኔ» ብሎ ስለ ራሱ እንዲናገር መልሺው። የሚያለቅሰውን ለማባበል አትቸኩይ። በክፍሉ የተሰማ በክፍሉ ይቅር፤ ለእኔ ስትጽፊም ስማቸውን ለውጪ። ዘመድሽን ደግሞ ፈጽሞ አታስገቢ።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደ ሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ጻፊልኝ። ከአሁኑ ቀን እቆጥራለሁ።

ወንድምሽ አምሐ

—

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም አምሐ፣

መጪው የጌታ ልደት በጤና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን፤ እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ።

ምክርህን እንደ ዳዊት ሸምድጄው ገባሁ። በመጀመሪያው ረቡዕ ዘጠኝ ሰው መጣ። እንዳልኸኝ ስማቸውን ለውጫለሁ። ዓይናዲስ የምላት ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ የስድሳ ዓመት ሴት ናት፤ ሁለት ልጆች ቀብራለች። መምህር ሐዲስ በጡረታ ላይ ያለ አስተማሪ ነው። ወንዴ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ወንበሮቹን በክብ ደርድሬ፣ ከመካከላቸው ተቀምጬ፣ ዝም አልሁ።

መጀመሪያ ፈገግ አሉልኝ። ቀጥሎ አንገታቸውን ደፉ። መምህር ሐዲስ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሊናገር ነው ብዬ ልቤ ዘለለ፤ እሱ ግን ጋቢውን አስተካክሎ ዝም አለ። ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ ወንዴ ያጠፋው ነገር ያለ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ። ትንሽ ቆይታ ዓይናዲስ ከወንበሯ ተነሥታ መጣችና ግንባሬን በእጇ ዳሰሰችው።

«ልጄ፣ አሞሻል?» አለችኝ።

ደህና ነኝ አልኋት። «እንግዲያው ምን አጠፋን?» አለች።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ አልተመለሱም። እንግዳ ጠርቶ ዝም በሚል ባለቤት ቤት ምን እሠራለሁ ማለታቸውን ኋላ ሰማሁ።

በኀፍረት ሁለት ቀን ምግብ አልበላልህ አለኝ። በሦስተኛው ቀን እናቴ የማርያም ማኅበሯን ልታወጣ ጉድ ጉድ ስትል ቁጭ ብዬ አየኋት። የማኅበር መሪ ሙሴ እንደሚባል ታስታውሳለህ። ሙሴው ብዙ አይናገርም፤ ነገር ግን ሰው ሲገባ ተነሥቶ ይቀበላል፣ ቦታ ይሰጣል፣ ታላቁን ያስመርቃል፣ የቀረውን «ምነው ቀረ?» ብሎ ያስጠይቃል፣ የተኳረፉ ካሉ ሳይታረቁ ጽዋው አይነሣም። እኔስ ይህን እያየሁ አይደል ወይ ያደግሁት አልሁ።

በሁለተኛው ረቡዕ በር ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ተቀበልሁ። አንጋፋዋን ዓይናዲስን አስመረቅሁ። ከዚያ አስቀድሜ ራሴ ተናገርሁ፤ ባለፈው ክረምት እኔም ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ እንደ ነበር፣ ነርስ ሆኜ ለነርስ መናገር እንዳፈርሁ ነገርኋቸው። ክፍሉ ተከፈተ፣ አምሐ። ዓይናዲስ ስለ ልጆቿ ተናገረች፤ መምህር ሐዲስ በአርባ ዓመት ሥራው ለማንም ያልነገረውን ነገረን። ዘበኛው ሊዘጋ በሩን ሲያንኳኳ ከተቀመጥን ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎን ነበር። ያን ቀን ባጃጅም አልያዝሁ፤ ከፒያሳ እስከ ቤቴ ብቻዬን እየሳቅሁ በእግሬ ሄድሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በሦስተኛው ረቡዕ አንድ አዛውንት መጡ፤ ዘመዴ ሆነው ተገኙ። አታስገቢ ብለኸኛል። በዚህ ከተማ ግን ዘመድ ያልሆነ ሰው ከየት አመጣለሁ? ምን ላድርግ?

እኅትህ የትነበርሽ

—

በርገን፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅትዓለም የትነበርሽ፣

የልደቱም የጥምቀቱም በረከት ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው ስላኮረፍኩ ነው ብል ይሻላል፤ ለአንቺ ልዋሽ አልፈልግም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ግንባርሽ የተዳሰሰበት ቦታ ላይ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን ከፋኝ። ሰባት ዓመት የተማርኩትን በአንድ የማርያም ማኅበር ለወጥሽው አልኩ። ብዕር አንሥቼ የተግሣጽ ደብዳቤ ጀመርኩልሽ፦ መሪ ስለ ራሱ አይናገርም፣ ሰዎቹ በአንቺ ይደገፋሉ፣ ታላላቆቹ ቀድመው ከተናገሩ ወጣቶቹ ቃላቸውን ይውጣሉ እያልኩ። ሁለት ገጽ ጽፌ ተውኩት፤ የራሴ ቡድን ትዝ ስላለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምመራው ቡድን ሰባት ሰው አለው፤ ሦስቱ የእኛ አገር ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በአምስት ወር ውስጥ አምስት ዓረፍተ ነገር አልተናገሩም። ለአለቆቼ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ «ራሳቸውን ለመክፈት ይቸገራሉ» ብያለሁ። አራተኛዋ ሸዋገነት ነበረች፤ በሦስተኛው ሳምንት ትታን ሄደች። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ሆቴሏ ድረስ ሄጄ ምን እንዳስቀየማት ጠየቅኳት። ለአንቺም እንድነግርሽ ፈቅዳልኛለች።

«መሪ ዝም ካለ ማን ይናገራል?» አለችኝ። «አንተ ወረቀትህን ይዘህ ታየናለህ። የየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ አናውቅም። እኛ ገመናችንን ለማን ነው የምንዘረግፈው?»

እየተማርኩ ነው፣ የትነበርሽ። ሙሴው ሰው ሲገባ ምን እንደሚል፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር፣ የቀረውን ማን እንደሚጠይቅ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። አሁን ለማኙ እኔ ነኝ።

ዘመድሽን በሚመለከት ግን ቃሌ ያው ነው። አይሆንም። የቤተሰብ ነገር ሲገባ መሪ ፍርዱ ይዛባል። ለሌላ ባለሙያ አስተላልፊያቸው።

ወንድምሽ አምሐ

—

ጎንደር፣ መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም አምሐ፣

ጾሙን ጾመ በረከት ያድርግልህ። ደብዳቤህ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ከረመ፤ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

የጠየቅኸኝን ሁሉ፣ እናቴንም የማኅበሩን ሙሴም ጠይቄ በሌላ ወረቀት አያይዤልሃለሁ። ስለ ወጣቶቹ ያልኸው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ወንዴ ታላላቆቹ ሲናገሩ ይሰማል፤ ተራው ሲደርስ «እነሱ ብለውታል» ይላል። ያንተን ቃል ለቡድኑ አቀረብሁላቸው። ተመካከሩና መምህር ሐዲስ ከዛሬ ጀምሮ ከታች ይጀመር ብሎ ወሰነ። ወንዴ ቀድሞ ጀመረ። በባጃጁ ጭኖት ስለ ሄደ አንድ ቁስለኛ ተናገረ፤ ሰውዬው በመንገድ ላይ ነው የሞተው። ዓይናዲስ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። አሁን በየሳምንቱ ቀድሞ የሚመጣው ወንዴ ነው። ያንተ ትምህርትና የእናቴ ማኅበር ተጋብተው እንዲህ ያለ ልጅ ወለዱ።

ስለ ዘመዴ አትቆጣኝ። መልስህ ሳይደርሰኝ፣ አዛውንቱ ዘመዴ መሆናቸውን በሁሉ ፊት ተናገርሁ፤ ካልወደዳችሁት ሌላ ነርስ ትምራችሁ አልሁ። ተሰብሳቢው በአደባባይ የተነገረ ዝምድና አያዳላም ብሎ አቆየን። ሌላዋ ነርስም በየአሥራ አምስት ቀኑ አብራኝ ትገባለች።

እኒህ አዛውንት «እኔ» አይሉም። በየሳምንቱ «አንድ ሰው ነበረ» ብለው ይጀምራሉ፤ ያ ሰው ያደረገውን፣ የተጸጸተበትን ይነግሩናል። ሁላችንም ማን እንደ ሆነ እናውቃለን። ማንም ግን መሸሸጊያቸውን አይገፍፍም። «ያ ሰው ያን ቀን ምን በላ?» «ያ ሰው ሚስቱን ይወድ ነበር?» እያልን በዚያው መንገድ እንጠይቃለን። አንተ ብትሆን «እኔ» በሉ ትላቸው ነበር። እኔ እጠብቃለሁ። ተሳስቻለሁ?

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ካልወደድኸው እለፈው። በሁለቱ ደብዳቤዎችህ የእናቴን ጉልበት ሳይቀር አንሥተሃል። ስለ አባትህ አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም።

እኅትህ የትነበርሽ

—

በርገን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅትዓለም የትነበርሽ፣

የትንሣኤው ብርሃን ቤትሽን ይሙላው። የምሥራች ይዤልሻለሁ።

እንዳስተማርሽኝ በር ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ የት እንዳደግኩ ተናገርኩ። ሸዋገነትም ተለምና ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት ከሦስቱ የአገራችን ሰዎች አንዱ፣ በረሃ ላይ ትቶት ስለ መጣው ጓደኛው አርባ ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ተናገረ። አስተርጓሚዋ ማስታወሻ መያዙን ትታ ታለቅስ ነበር። ሁሉም ግን አልወደደውም፤ አንድ የዚህ አገር ሰው በዕድሜ ተራ መናገሩን ጠልቶ «እኔ ትምህርት ቤት አልመጣሁም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለእሱ ዝም የሚለው መሪ ነው አክባሪው። ስለዚህ እኔም እንደ ሰዉ እለዋወጣለሁ፤ ለአንዱ ሙሴ እሆናለሁ፣ ለሌላው ዝም እላለሁ። አለቃዬ መጥታ አይታን፣ ለባልደረቦቼ ሁሉ እንዳስረዳ አዘዘችኝ። ስምሽን ጠርቼ ነው የተናገርኩት።

አዛውንቱን በሚመለከት አልተሳሳትሽም። ጠብቂያቸው።

ስለ አባቴ ጠይቀሻል። አንድ ጊዜ እነግርሻለሁ፣ ከዚያ አንመለስበትም። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት እናቴ ሞተች። አባቴ ስምንት ወር ደበቀኝ። ስደውል፣ እናቴን አገናኘኝ ስለው፣ «ቤተ ክርስቲያን ናት» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንድ የማላውቀው ያገር ልጅ ስሜን ሲሰማ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ የእናትህን ሰማን» አለኝና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ብቻዬን ቀረሁ። የማለቅስበት ሰው አልነበረኝም፤ አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ አባቴን አላናገርኩትም።

ይህን አትንኪብኝ።

ወንድምሽ አምሐ

—

ጎንደር፣ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም አምሐ፣

መጽናናትን ከላይ ይስጥህ። ይህን የምታነበው፣ ይዘውት የመጡት ሰዎች የመጡበትን ከነገሩህ በኋላ ነው። እንዲያ አድርጉ ብያቸዋለሁ።

አትንኪብኝ ያልኸውን ልነካው ነው፤ ፈቃዱን ግን ከባለቤቱ አግኝቻለሁ። «አንድ ሰው ነበረ» የሚሉት አዛውንት አያ በላቸው ናቸው፤ አባትህ። ከጭልጋ ወጥተው አዘዞ ከእኅታቸው ልጅ ዘንድ ተቀምጠዋል። እህል አልበላ ብሏቸው፣ ከሰው አልነጋገር ብለው ነው ወደ እኛ ያመጧቸው። ታኅሣሥ ላይ በዚያ በር ሲገቡ ሳያቸው ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። ስድስት ወር ሙሉ ለአንተ ስጽፍ አፌን ይዤ ነበር። የክፍሉ ነገር ከክፍሉ አይወጣም ያልኸኝ አንተው ነህ።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ አበቡ ሞተችበት። ልጁ በሰው አገር የመኖሪያ ወረቀት ይጠብቅ ነበር፤ ከሰማ ሁሉን ጥሎ ይመጣል፣ ከመጣም መመለሻ የለውም ብሎ ፈራ። ዘመዱን ሁሉ አስገዘተ። ልጁ እናቴን ሲል «ቤተ ክርስቲያን ናት» ይለዋል። የተቀበረችው ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ አልዋሸሁም እያለ ራሱን ያታልል ነበር። ወረቀቱ በተገኘ ማግሥት ሽማግሌ አሰባስቦ በወጉ ሊያረዳው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ወሬው ቀድሞት ሄደ።

ዓይናዲስ ያ ሰው አሁን ምን እንደሚመኝ ጠየቀች። መርዶውን ራሱ ሊነግረው ይመኛል አሉ። መምህር ሐዲስ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ያለፈው መርዶ ይነገራል ወይ ብሎ ተከራከረ። ዓይናዲስ መለሰችለት።

«በወጉ ያልተነገረ መርዶ፣ አልተነገረም» አለች።

ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ያን ቀን ዝምታው ማንንም አላስጨነቀም። አያ በላቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፣

«ያ ሰው እኔ ነኝ» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «የትነበርሽ፣ አንቺም ችለሽ ኖርሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንደበትሽን ፈትቼዋለሁ» አሉኝ።

ዛሬ ዘጠኙም ሆነን መከርን። ባሕር ተሻግረን ልንመጣ አንችልም፤ በእግራችን የሚቆሙልንን ሰዎች ልንልክ ተስማማን። ወንዴ ኤልሳን ሊያመጣት በባጃጁ አዘዞ ሄደ። እሷ ለሸዋገነት ትነግራለች። አባትህ የሚነገርህን ቃል፣ ሰዓቱን፣ ማን ከፊት እንደሚቆም ሳይቀር ራሳቸው ተናግረው አስጽፈዋል። ከተናገሩ በኋላ እንጀራ ጠይቀው በሉ፣ አምሐ። ሁላችንም እንደ ሙሽራ አየናቸው።

በድዬህ ከሆነ ይቅር በለኝ።

እኅትህ የትነበርሽ

—

በርገን፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅትዓለም የትነበርሽ፣ በአንቺም በኩል ለረቡዕ ሰዎች በሙሉ፣

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስድስት ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመዋል። ሸዋገነት ከፊት ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሁሉም በዝናብ ርሰዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? አባቴ ሞተ አልኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያላናገርኩት ሰው ሞተ ብዬ እዚያው ደጃፍ ላይ «አባቴን» እያልኩ ተቀመጥኩ።

ሸዋገነት አንሥታ አስገባችኝ። አንዱን በቀኜ፣ አንዱን በግራዬ አስቀመጠች፤ እሷ ራሷ ቆመች።

«አባትህ በሕይወት አለ፤ የላከን እሱ ነው» አለች። «አምሐ፣ እናትህ አበቡ አርፋለች። አባትህ ይህን በሰዓቱ ሊነግርህ ሲገባው ስላልነገረህ ይቅርታህን ይለምናል።»

የማላውቀው ነገር አልነገሩኝም። ቢሆንም ዛሬ እንደ ሞተች ያህል ሰማሁት። በጎኔ ያሉት ሰዎች ቀድመውኝ አለቀሱ፤ እናቴን አንዳቸውም አያውቋትም፣ ግን እያንዳንዳቸው በሩቅ የቀበሩት ሰው ነበራቸው። እኔም አለቀስኩ። አለቃቀሴን ሰምታ ጎረቤቴ ደንግጣ መጣች፤ ነገሩ ሲገባት ጫማዋን አውልቃ እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች። ሸዋገነት ሲበቃ አወቀች። በቃ አለችና ውሃ አስመጥታ ፊቴን አስታጠበችኝ፤ የያዙትን የጾም ወጥ አቀረበች፤ ማን ስለ እናቴ መጠየቅ እንዳለበት፣ ማን ዝም ማለት እንዳለበት በዓይኗ ታዝዝ ነበር። ሰባት ዓመት ቡድን መርቻለሁ። መመራት ምን እንደሆነ ያወቅኩት እሑድ ነው።

ደብዳቤሽን ከዚያ በኋላ ሰጡኝ። ምንም አልበደልሽኝም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አባቴን ለሌላ ባለሙያ አስተላልፈው ነበር፤ እሱም ይኼኔ ግድግዳ ያይ ነበር። ለነሐሴ መጨረሻ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ። ረቡዕን አስቤ ነው የቆረጥኩት፤ ቡድኑ ከፈቀደ እንደ ማንኛውም ሰው ገብቼ ተራዬን እጠብቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ስምንቴ ተቆርጦ በዘጠነኛው ገባልኝ። አባቴ ነው ያነሣው።

«ነገሩህ ልጄ?» አለኝ።

«ነገሩኝ አባዬ።»

«ስንት ሰው ሆነው መጡ?»

ስድስት አልኩት፤ ጎረቤቴን ጨምሬ ሰባት። ስማቸውን አንድ በአንድ አስጠራኝ። በደንብ አልቅሰህ እንደሆነ ንገረኝ አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ እናቴ የሞተችበትን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ነገረኝ፦ ምን እንደለበሰች፣ ምን እንዳለች፣ ማን እንደ ገነዛት፣ ሬሳዋ ሲወጣ ከየት ከየት መንደር ሰው እንደ መጣ። አንዴም «አንድ ሰው ነበረ» አላለም። «እኔ» እያለ ነው የነገረኝ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እየጠበቀኝ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። ፀሐይ ሲጠልቅበት ደክሞት «ገና አልጨረስኩም፣ ነገ ደውል» አለኝ።

ትናንት ደወልኩ። ዛሬም ገና ቀብሩ ላይ ነን።

አምሐ በላቸው